ሕዋሳችን በሙጫ የተጣበቀ አይደለም፦ «ሙጫው ሲለቅ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የድሮ ሰፈራችን ጎረቤት፣ እንደ እናቴ የማያቸው ሴት፣ አንድ ጽሑፍ በስልክ ላኩልኝ። ርዕሱ «ሙጫው ሲለቅ» ይላል። ከሥሩ የድምፅ መልእክት ነበረው። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽው ይሄንን አይደል? አንብቢውና ንገሪኝ። ሐሙስ ጡቴን በመርፌ ሊወጉኝ ቀጠሮ አለኝ። ልቅር እንዴ?»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ቋንቋው ይጥማል፣ ምሳሌዎቹም ቶሎ ይገባሉ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ፣ ሌላው ግማሽ ሳይታኘክ አብሮ ይዋጣል።

ላላነበባችሁት በአጭሩ እንዲህ ይላል። ሕዋሳታችን እርስ በርስ የተያያዙት ሙጫ በሆኑ ፕሮቲኖች፣ በተለይም ኢ-ካድሄሪን በሚባለው ነው፤ ሽል የሚያድገውም በዚሁ ሙጫ ነው። ካንሰር ማለት ይህ ሙጫ ሲለቅ ነው። የለቀቁት ሕዋሳት አንድ በአንድ እየተነጠሉ በደም ይሰራጫሉ። ስለዚህ መፍትሔው ሙጫውን ማጠንከር ነው፤ በካልሲየም፣ በቅልጥም መረቅ፣ በተልባ። ሙጫው የሚላላው በዘር ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ካንሰር የሌለበት ሰው አይስጋ። የመድኃኒት ኩባንያዎች ይህን እያወቁ ደብቀውታል። በመጨረሻም፣ መርፌና ቢላ ሙጫውን ስለሚበጥሱ ለምርመራ ከእብጠቱ ናሙና አትስጡ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፤ ለጥቂት ዓመታትም ላብራቶሪ ውስጥ ሕዋሳት በሳህን እያሳደግኩ ሠርቻለሁ። ነጥብ በነጥብ የምመልሰው በማውቀው ልክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሕዋሳት የተያያዙት በሙጫ ነው»

ሙጫ አይመርጥም። ያገኘውን ከያገኘው ጋር ያጣብቃል። የሕዋስ መያያዣ ፕሮቲኖች ግን ይመርጣሉ፤ ትልቁ ሥራቸውም መምረጥ ነው።

በ1907 ሄንሪ ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ስፖንጅ ወሰደና ጠላ እንደሚጠለለው በቀጭን ጨርቅ አጠለለው። ስፖንጁ ፈርሶ የተበታተኑ ሕዋሳት ብቻ ቀሩ። ሕዋሳቱ ግን ውሃው ውስጥ እየተሳቡ ተፈላልገው ተሰባሰቡና እንደገና ስፖንጅ ሆኑ። በ1955 ደግሞ ታውንስና ሆልትፍሬተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከእንቁራሪት ወገን የሆኑ እንስሳት ሽል ላይ ተመሳሳይ ነገር ሞከሩ። ቆዳ ሊሆኑ የነበሩትንና ነርቭ ሊሆኑ የነበሩትን ሕዋሳት ለያይተው አደባለቋቸው። ትንሽ ቆይተው ሲያዩ ሕዋሳቱ ራሳቸውን ለይተዋል፤ የቆዳዎቹ ከውጭ፣ የነርቮቹ ከውስጥ። ማንም ቦታ አልሰጣቸውም።

ታዲያ ማን የማን ወገን እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ለዚህ ጥያቄ ትልቁን መልስ ያገኘው ማሳቶሺ ታኬይቺ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ታሪኩን በጣም ስለምወደው ልንገራችሁ። ኪዮቶ ውስጥ ይሠራ የነበረው ታኬይቺ በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ወደሚገኘው ካርኔጊ የምርምር ተቋም ሄደ። እዚያ የተለመደ ሙከራውን ሲሠራ ሕዋሳቱ አልያያዝ አሉት። ነገሩን ሲመረምር፣ ባልቲሞር ያሉት ሕዋስ ለማላቀቅ የሚጠቀሙበት፣ ፕሮቲን የሚቆርጥ የትሪፕሲን ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየምን የሚያስር ኬሚካል ተጨምሮበት ነበር። ካልሲየም እያለ የተላቀቁት ሕዋሳት መልሰው ይያያዛሉ፤ ካልሲየም በሌለበት የተላቀቁት ግን አይያያዙም። ስለዚህ አንድ ፕሮቲን አለ ማለት ነው፤ ካልሲየም ሲኖር ከትሪፕሲን የሚተርፍ፣ ሲጠፋ የሚቆረጥ። ቡድኑ በ1984 ካድሄሪን ብሎ ሰየመው። ያ ሁሉ ግኝት የመጣው «ለምን እዚህ አልሠራልኝም?» ብሎ ከመጠየቅ ነው።

ትሪፕሲን እኔም ስንት ጊዜ ጨምሬያለሁ። በማይክሮስኮፕ ስታዩት፣ ሳህኑ ላይ ተንጣለው የነበሩት ሕዋሳት ቀስ እያሉ ይሰበሰባሉ፣ ክብ ይሆናሉ፣ ከዚያ ለቀው ይንሳፈፋሉ። ባየሁት ቁጥር ይገርመኝ ነበር።

ዛሬ በሰው ውስጥ ብቻ የካድሄሪን ቤተሰብ የሆኑ ከ100 በላይ ፕሮቲኖች ይታወቃሉ። ኢ-ካድሄሪን በአንጀት፣ በጨጓራ፣ በጡት ቱቦ ሽፋን ላይ ይበዛል። ኤን-ካድሄሪን በነርቭና በልብ። ሕዋስን ከጎረቤቱ ሳይሆን ከተቀመጠበት መደብ ጋር የሚያያይዙት ደግሞ ኢንተግሪኖች ይባላሉ፤ 24 ዓይነት ናቸው። እነዚህን ከስሚንቶ ጋር ከማመሳሰል፣ ልጇን እጁን ይዛ መንገድ የምታሻግር እናትን አስቡ። እጁን ስለያዘችው ልጁ ሲጎትት ይሰማታል፤ እሷ ስትቆም እሱም ይቆማል። ማዶ ሲደርሱ ደግሞ ትለቀዋለች። ሕዋስም እንደዚያው ነው። በያዘው እጅ በኩል መልእክት ይቀበላል፤ «ጎረቤትህ አለ፣ ቦታው ሞልቷል፣ መባዛትህን አቁም» የሚለውን ጨምሮ።

መልቀቅም ራሱ ሥራ ነው። ጽሑፉ ፈጽሞ ያልነካው ይሄንን ነው። ከአንድ የዳበረ እንቁላል የሚነሳ የአይጥ ሽል 8 ሕዋስ ሲሆን፣ እንደ ወይን ፍሬ ተለያይተው የነበሩት ሕዋሳት በኢ-ካድሄሪን ተጠጋግተው አንድ ጠንካራ ድቡልቡል ይሆናሉ። ኢ-ካድሄሪን የሌለው የአይጥ ሽል ማሕፀን ላይ በሚተከልበት ሰሞን ይሞታል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ መያያዝ ሕይወት ነው። ቀጥሎ ግን የጀርባ ነርቭ የሚሆነው ክፍል ከቆዳው ሲለይ ኢ-ካድሄሪንን ጥሎ ኤን-ካድሄሪንን ይይዛል። ከዚያው ጠርዝ ላይ ያሉ ሕዋሳት ደግሞ የያዙትን ለቀው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። የፊታችን አጥንት፣ የቆዳችን ቀለም የሚመረትባቸው ሕዋሳት፣ አንጀታችንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች የመጡት ከእነዚያ ተጓዦች ነው። ባይለቁ ኖሮ ፊት አይኖረንም ነበር።

«ካንሰር ማለት ሙጫው መልቀቁ ነው»

ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ መያያዣው የተበላሸበት ሰው ሁሉ ካንሰር ይይዘው ነበር። ፔምፊገስ የሚባል ሕመም አለ፤ የሰውየው የራሱ መከላከያ የቆዳን ሕዋሳት የሚያያይዘውን ዴስሞግሌይን የተባለ ፕሮቲን ያጠቃል። ቆዳውና የአፉ ውስጥ ውሃ እየቋጠረ ይገሸለጣል። ከባድ ሕመም ነው፤ ካንሰር ግን አይደለም። ናክሶስ በምትባል የግሪክ ደሴት በታወቀ ሌላ የዘር ሕመም ፕላኮግሎቢን የተባለው መያያዣ ይበላሻል፤ ፀጉር እንደ ሱፍ ይከረደዳል፣ መዳፍ ይወፍራል፣ የልብ ምት ይዛባል። ነጭ የደም ሕዋሳት የደም ሥር ግድግዳን ይዘው መውጣት የማይችሉበት ሕመምም አለ። እንዲህ ያለ ሕፃን እትብቱ ሳይወድቅ ይቆያል፣ ሲቆስል መግል አይቋጥርም፣ በኢንፌክሽን ይሠቃያል። ሦስቱም የመያያዝ ችግሮች ናቸው፤ ሦስቱም ካንሰር አይደሉም።

ካንሰር የሚነሳው በመጀመሪያ ደረጃ የሕዋስን መባዛት፣ መጠገንና መሞት የሚቆጣጠሩ ዘረመሎች በየተራ ሲበላሹ ነው። መያያዣው በዚህ ውስጥ ይገባበታል፤ ግን ከሙጫ በላይ በሆነ መንገድ። ቤታ-ካቴኒንን ተመልከቱ። ይህ ፕሮቲን ሁለት ሥራ አለው። ሕዋሱ ጠርዝ ላይ ካድሄሪንን ከውስጥ ሆኖ ይይዛል። ከዚያ ውጭ ነፃ ሆኖ ከተጠራቀመ ደግሞ ወደ ኒውክሊየስ ይገባና «ተባዛ» የሚሉ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል። በአብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር የሚበላሸው፣ ትርፉን ቤታ-ካቴኒን እየለቀመ የሚያስወግደው ክፍል ነው። ስለዚህ እዚያ የሆነው የሙጫ መላላት ሳይሆን የመልእክት መዛባት ነው።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ልምጣ። ሎቡላር የሚባለው የጡት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ኢ-ካድሄሪኑን ያጣ ነው። ከጡት ካንሰሮች ከ100 ውስጥ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ይሄ ዓይነት ነው። ሕዋሳቱ ስለማይያያዙ አንድ ላይ ተቋጥረው ጠጣር እብጠት ላይሠሩ ይችላሉ፤ ባንክ በር ላይ እንደቆመ ሰው አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው በጡቱ ሥጋ መካከል ይገባሉ። ለዚህ ነው በእጅ ዳሰሳም ማሞግራፊ በሚባለው የጡት ራጅም አንዳንዴ የሚያመልጠው።

እንደ ጽሑፉ አባባል ይሄ ከሁሉም የከፋው መሆን ነበረበት። አይደለም። ሎቡላር ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለሆርሞን መድኃኒት የሚታዘዝ ነው። በሌላ በኩል ጡቱን በሙሉ የሚያቀላና የሚያሳብጥ፣ ኢንፍላማቶሪ የሚባል ዓይነት አለ። ከጡት ካንሰሮች ሁሉ በጣም ከሚጣደፉት አንዱ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ኢ-ካድሄሪኑ ሙሉ ነው፣ ሕዋሳቱ ተቃቅፈው በጓል በጓል ሆነው የሊምፍ ቱቦዎችን ይደፍናሉ። ሙጫው የለቀቀው ቀስ ይላል፣ ሙጫው ያለው ይሮጣል። የጽሑፉ ሐሳብ ይህንን ማስረዳት አይችልም።

«የለቀቁት አንድ በአንድ ይሰራጫሉ»

አንዳንዶቹ አዎ። ግን ብቻውን የተነጠለ ሕዋስ ሕይወቱ ከባድ ነው። ጤነኛ ሕዋስ ከመደቡ ሲነጠል ራሱን ይገድላል። ይህ ሂደት በ1994 አኖይኪስ የሚል ስም ወጣለት፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ቤት አልባ መሆንን ያመለክታል። የካንሰር ሕዋስ ትልቁ ችሎታ እንግዲህ መልቀቅ አይደለም። ለቅቆም አለመሞቱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎች ሐሳቤን ቀይረውታል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ «ኢ-ካድሄሪን ጠፋ፣ ካንሰሩ ተሰራጨ» የሚለውን ቀጥ ያለ ታሪክ ነበር የተማርኩት። አንዱ በ2014 ከማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የወጣው ነው። በደም ውስጥ ከሚዘዋወሩት የካንሰር ሕዋሳት መካከል ተያይዘው በቡድን የሚሄዱት በቁጥር በጣም ጥቂት ናቸው። አዲስ ዕጢ የመትከል አቅማቸው ግን ከብቸኞቹ ከ23 እስከ 50 እጥፍ ይበልጥ ነበር። አብረው ያቆያቸው ደግሞ ፕላኮግሎቢን ነበር፤ ያ የናክሶሱ ፕሮቲን። ሁለተኛው በ2019 ከጆንስ ሆፕኪንስ የወጣ የአይጥ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ኢ-ካድሄሪንን አጠፉ። እንደተጠበቀው ሕዋሳቱ በዙሪያቸው ያለውን ሥጋ ይበልጥ ሰርስረው ገቡ። ነገር ግን በመንገድ ላይ ብዙዎቹ ሞቱ፣ ሩቅ ቦታ ደርሰው የተተከሉትም በጣም አነሱ። ኢ-ካድሄሪን ለእነዚያ ካንሰሮች ስንቅ ነበር።

የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው አልልም። የጨጓራውን ወረድ ብዬ አመጣዋለሁ፤ እዚያ ኢ-ካድሄሪንን ማጣት ዋና ጥፋት ነው። ማለት የፈለግኩት፣ ያው ፕሮቲን በአንድ ቦታ ጠባቂ፣ በሌላ ቦታ ተባባሪ ሊሆን ይችላል። «ብዙ መያያዝ ጥሩ፣ ትንሽ መያያዝ መጥፎ» የሚል መስመር የለም።

«ካልሲየም፣ የቅልጥም መረቅና ተልባ ሙጫውን ያጠነክራሉ»

የካልሲየሙ ነገር ብልጥ አቀራረብ ነው፤ ካድሄሪን ካልሲየም እንደሚፈልግ ከላይ እኔው ራሴ ነግሬያችኋለሁ። ግን በደምና በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን በጠባብ ወሰን የተያዘ ነው። ትንሽ ሲቀንስ አንገታችን ላይ ያሉ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ዕጢዎች ሆርሞን አመንጭተው ከአጥንት ያወጣሉ፤ ሲጨምር ኩላሊት ያስወጣል። በዚያ መደበኛ መጠን ካድሄሪን የሚፈልገውን ያህል ያገኛል። ኪኒን ብትጨምሩበት የካድሄሪን እጅ አይጠነክርም። የታኬይቺ ሳህን ላይ ካልሲየም ፈጽሞ እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር፤ ሰውነት ውስጥ እንደዚያ ቢጠፋ ልብ ቀድሞ ይቆማል። የካልሲየም ኪኒን ሲበዛ ግን ኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፤ አንዳንድ የካንሰር ታማሚዎች ደግሞ ቀድሞውኑ ደማቸው ውስጥ ካልሲየም ከልክ በላይ ሆኖ ይታከማሉ። ለእነሱ ይሄ ምክር ጉዳት ነው።

የቅልጥም መረቅ ጣፋጭ ነው፤ ለደከመ ሰውም ጉልበት ይሰጣል። ውስጡ ያለው ኮላጅን ግን ሆድ ውስጥ ይፈጫል፤ ወደ ደም የሚገባው ስብርባሪው ነው። ሕዋስ ኢ-ካድሄሪንን የሚሠራው በራሱ ዘረመል ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ የተበላሸበት ሕዋስ የቱንም ያህል መረቅ ብትሰጡት አይሠራውም። ተልባም እንደዚያው ነው። በእጃችሁ ስትነኩት ይለጠፋል፤ ያ ዝልግልጉ አሠር ነው፣ አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ሆድ ድርቀትን ያቀላል። ከአንጀት አልፎ ጡት ድረስ ሄዶ ሕዋስ የሚያጣብቅበት መንገድ የለውም። ጠጡት፣ ደስ ይበላችሁ። የሐኪም ቀጠሮ ሰርዛችሁ ግን አትጠጡት።

«ሙጫው የሚላላው በዘር ነው፤ ቤተሰብህ ውስጥ ከሌለ አትስጋ»

ኒውዚላንድ ውስጥ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማኦሪዎች ወገን አንድ ቤተሰብ ነበር። ትውልድ በትውልድ ላይ ብዙ ሰው፣ በወጣትነት ዕድሜ ሳይቀር፣ በጨጓራ ካንሰር ያልቅበት ነበር። ቤተሰቡ ራሱ ነው ሳይንቲስቶችን «እርዱን» ብሎ የጠየቀው፤ የዘር ሐረጉንም አብሮ ሠርቷል። በ1998 በፓሪ ጊልፎርድ የሚመራው ቡድን ምክንያቱን አገኘ። ኢ-ካድሄሪንን የሚያሠራው ሲዲኤች-1 የተባለው ዘረመል ተበላሽቶ ነበር የሚወረሰው። ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ቤተሰቦች ተገኙ። ጉድለቱ ያለባቸው ሴቶች ሎቡላር የጡት ካንሰርም በብዛት ይይዛቸዋል። ይህ የጨጓራ ካንሰር እብጠት ሳይሠራ በግድግዳው ውስጥ ተበታትኖ ስለሚሄድ በካሜራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ስለዚህ ጉድለቱ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሳይታመሙ ጨጓራቸውን በሙሉ በቀዶ ጥገና ያስወጣሉ። ትልቅ ውሳኔ ነው። ያንን ቤተሰብ ሳስብ ሁሌ አከብራቸዋለሁ።

ግን በዘር የሚመጣው ከጨጓራ ካንሰር ሁሉ ከ100 ከ1 እስከ 3 የሚሆነው ብቻ ነው። ለአብዛኛው ትልቁ ምክንያት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። እኛ አገር «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ስንት ነው? የዓለም የካንሰር ጥናት ድርጅት ይህን ባክቴሪያ ካንሰር አምጪ ብሎ የፈረጀው በ1994 ነው። ከርዕሳችን ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ግሩም ነው። ባክቴሪያው ራሱ በመያያዣ ፕሮቲን የጨጓራን ግድግዳ ይይዛል፤ ከዚያ ኢ-ካድሄሪንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያመነጫል። ማለትም ባክቴሪያው የቤተሰብ ታሪክ በሌለው ሰው ላይም መያያዣውን ይነካል። ባክቴሪያውን በአንቲባዮቲክ ማጥፋት ይቻላል። «በዘርህ ከሌለ አትስጋ» ብሎ ይህንን ሰው ቤት ማስቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

«ኩባንያዎች ደብቀውታል»

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ኢንተግሪንን የሚያግድ ሲለንጊታይድ የተባለ መድኃኒት በ545 የአንጎል ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ዕድሜ አላራዘመም፤ ውጤቱ በ2014 በይፋ ታተመ። ናታሊዙማብ የተባለው ደግሞ የነጭ የደም ሕዋሳትን ኢንተግሪን ያግዳል፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው የነርቭ ሕመም አሜሪካ ውስጥ በ2004 ተፈቀደ፣ ከባድ የአንጎል ኢንፌክሽን በመታየቱ በ2005 ከገበያ ወጣ፣ በ2006 በጥብቅ ክትትል ተመለሰ። ሁሉም በአደባባይ የሆነ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የተሠሩት መያያዝን ለማላላት እንጂ ለማጠንከር አይደለም። በደም ውስጥ የሚሄዱትን የካንሰር ሕዋስ ቡድኖች ለመበተን የቆየ የልብ መድኃኒት የሚሞክሩ ተመራማሪዎችም አሉ። ስሙን የማልጽፈው ማንም ፋርማሲ ሄዶ እንዳይገዛው ብዬ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ልብን ይጎዳል።

«መርፌ ሙጫውን ይበጥሳል፤ ናሙና አትስጡ»

ለዚህች አንቀጽ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

«ብረት ከነካው ይቆጣል» የሚለውን ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። ሰው ዝም ብሎ አልፈጠረውም። ብዙ ሰው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ናሙና ሲወሰድ በሽታው ቀድሞ ሄዷል። ከዚያ በወራት ውስጥ ሲሞት ቤተሰቡ የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። አክስቴም እንዲሁ ሆነች። እብጠቱን ለሰው ሳትናገር ቆየች፣ ከተናገረችም በኋላ «አታስነኪው» ያሏት ሰዎች ሌላ 8 ወር አቆዩዋት። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ብብቷ ውስጥ ያለው ከጡቷ ይበልጥ ነበር። ለቅሶው ላይ «መርፌው ነው የጨረሳት» ሲሉ ሰማሁ። ያኔ ምንም አልመለስኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐቁን ሳልደብቅ ልናገር። መርፌ በሄደበት መንገድ የካንሰር ሕዋስ መተከል ይችላል። በጉበት ካንሰር ላይ ይህ ከ100 ሰው በ3 ገደማ ላይ ታይቷል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የጉበት ካንሰርን ያለ ናሙና፣ በምስል ብቻ የሚለዩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። የቆለጥ ካንሰር ሲጠረጠርም በመርፌ አይነካም፤ በቀዶ ጥገና ሙሉውን ያወጡታል። ማለትም ሐኪሞቹ አደጋውን ያውቁታል፣ የት እንዳለም ለይተው ነው የሚሠሩት። በጡት ላይ መርፌ አንዳንድ ሕዋሳትን ከቦታቸው ሊያፈናቅል ይችላል። አብዛኞቹ ግን የሚሞቱ ይመስላል። በዚያ ምክንያት ካንሰር ሲመለስ ማየት በጣም ብርቅ ነው። በ2015 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በቀዶ ጥገና የታከሙ ከ2,000 በላይ የቆሽት ካንሰር ታማሚዎችን መረጃ ሲያነጻጽሩ፣ ቀድመው በመርፌ ናሙና የተወሰደላቸው ካልተወሰደላቸው አላነሰ ዕድሜ ኖረዋል፤ እንዲያውም ረዘም ያለ። መርፌው ዕድሜ ይጨምራል ማለቴ አይደለም። የሚፈራውን ያህል ጉዳት ቢኖረው ኖሮ ግን እዚያ ይታይ ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ጸሐፊው ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ስለ ኢ-ካድሄሪን ነው። የአንዲት ሴት ዕጢ ኢ-ካድሄሪኑን ይዟል ወይስ ጥሏል የሚለው በምን ይታወቃል? በናሙና ብቻ ነው። ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ከናሙናው ቀጭን ቁራጭ ይወስድና ኢ-ካድሄሪን ያለበትን ቡኒ የሚያደርግ ቀለም ይቀባዋል። የሕዋሳቱ ጠርዝ ቡኒ ከሆነ ፕሮቲኑ አለ፤ ካልሆነ ሎቡላር ሊሆን ይችላል። በዚያው ናሙና ላይ ዕጢው ለሆርሞን መድኃኒት ይታዘዛል ወይ፣ ኸር-2 የሚባለው ምልክት አለበት ወይ የሚለውም ይታያል። ያለ እነዚህ መልሶች ሐኪሙ የትኛውን መድኃኒት እንደሚሰጥ በግምት ነው የሚመርጠው። ናሙናን ከልክሎ ስለ ኢ-ካድሄሪን ማስተማር አይቻልም።

በዚያ ላይ የጡት እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ካንሰር ሆኖ አይገኝም። ናሙና የምትሰጥ ሴት ብዙ ጊዜ ይዛ የምትመለሰው ጥሩ ዜና ነው፤ የምትፈራው ወረቀት እንቅልፍ የሚሰጣት ሊሆን ይችላል። ካንሰር ከሆነ ደግሞ መዘግየት አይገባም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ነው፤ ብዙዎቹ የሚደርሱት ከረፈደ በኋላ ነው። አንድ ወር እዚህ ቦታ ብዙ ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ሰው ለመጉዳት ብለው የጻፉት አይመስለኝም፤ ስለ ሽል የጻፉት ክፍል ደግሞ ከነስሕተቱ በፍቅር የተጻፈ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። ሌላውን ሁሉ ይተዉት፣ ይህችን የመርፌዋን አንቀጽ ያውጧት።

ለጎረቤቴ በስልክ የነገርኳቸው ከዚህ በጣም ያጠረ ነው። «አይቅሩ» አልኳቸው። «ያማል ወይ?» አሉኝ። ማደንዘዣ እንደሚሰጧቸው፣ መሣሪያው ሲተኮስ ቀጭ የሚል ድምፅ እንደሚሰሙ፣ ምናልባት ለጥቂት ቀን ሊበልዝ እንደሚችል ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው አንቺም ነይ» አሉኝ። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ከቤታቸው እወስዳቸዋለሁ።